የድርጭት ጫጩቶች እግር ለምን ይዝላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው 60 የድርጭት ጫጩቶች በማሽን አስፈልፍለዋል። ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎቻቸው የገዙትን መኖ ከተፈጨ በቆሎ ጋር እኩል በእኩል እየቀላቀሉ ይመግቧቸዋል። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ 11 ሞተውባቸዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱ የሞቱት መጠጫው ውስጥ ሰጥመው ነው። ከቀሩት መካከል እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ በሆዳቸው የሚሳቡ አሉ፣ የብዙዎቹ ላባ ዘግይቷል፣ እርስ በርስም ጀርባቸውን ይነካከሳሉ። ከመድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ገዝተው በውኃ ቢሰጧቸውም ለውጥ አላዩም። «በሽታው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

በሽታ መኖሩን ሳላይ አልክድም። ሞቱ ከቀጠለ የሞቱትን ሳይቆዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱና ተከፍተው ይታዩ። ነገር ግን የነገሩኝን ምልክት በሙሉ ለማምጣት መኖው ብቻውን ይበቃል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን አለው፣ በቆሎ ደግሞ ከ8 እስከ 9 በመቶ። እኩል ሲቀላቀሉ 12 ወይም 13 በመቶ ይሆናል። የጃፓን ድርጭት ጫጩት የምትፈልገው 24 በመቶ ነው። ጫጩቶችዎ ቀኑን ሙሉ እየበሉ ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ ያገኛሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ካልሲየም ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ለቅርፊት መሥሪያ ታስቦ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይደረግበታል። ለጫጩት ግን 0.8 በመቶ ይበቃታል። በበቆሎ ከቀጠነ በኋላ እንኳ ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ነው። ትርፉ ካልሲየም ኩላሊትን ይጎዳል፣ ፎስፈረስና ዚንክ በደንብ እንዳይገቡም ያግዳል። ለአጥንት ይጠቅማል ተብሎ የተሰጠው አጥንቱን ያበላሻል። ኦክሲቴትራሳይክሊንም ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ በዚህ መኖ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። የምግብ ጉድለትን ደግሞ የትኛውም አንቲባዮቲክ አይሞላም፤ ሐኪም ካላዘዘልዎ ያቁሙት።

ድርጭት ስትፈለፈል ከ7 እስከ 8 ግራም ትመዝናለች። በደንብ ከተመገበች በሳምንት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ታድጋለች፣ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢም እንቁላል መጣል ትጀምራለች። የዶሮ ጫጩት በወራት የምትሠራውን አካል እርሷ በሳምንታት ስለምትሠራ፣ ለዶሮ «ይበቃል» የሚባለው ለእርሷ አይበቃም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሄደው የሥጋ ዶሮ ስታርተር፣ ማለትም የጫጩትነት መኖ፣ ይግዙ። ካደጉ በኋላ የሚሰጡትን ግሮወር ወይም ፊኒሸር እንዳይሰጡዎት፤ በእነዚያ ፕሮቲኑ ወርዷል። ከረጢቱ ላይ የተሰፋውን ወረቀት አንብበው የፕሮቲኑን መቶኛና የተመረተበትን ቀን ይዩ። ወረቀት የሌለውን መኖ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልልዎ፣ ለጫጩት አልገዛም።

ስታርተሩ 22 በመቶ ከሆነ ጉድለቱ ትንሽ ነው። 37 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር ይጨምሩበት፦ 13 ኪሎ ስታርተር ከ2 ኪሎ አኩሪ አተር ጋር 24 በመቶ ይሰጥዎታል። 20 በመቶ ከሆነ ግን ለ13 ኪሎ 4 ኪሎ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ አኩሪ አተር በስታርተሩ ውስጥ ያለውን ቪታሚንና ማዕድን ስለሚያቀጥነው 22 በመቶውን ፈልጎ ማግኘት ይሻላል። አኩሪ አተሩን ጥሬውን እንዳይሰጡ፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፣ የሚያጠፋውም ሙቀት ነው። ምጣድ ላይ ያለማቋረጥ እያማሰሉ፣ እስከ ውስጡ ቡናማ እስኪሆንና የጥሬ ባቄላ ጣዕሙ እስኪጠፋ ይቁሉት። ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ጥሬ የቀረ አኩሪ አተር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ጥቂት ፍሬ ሰብረው ይቅመሱ።

በኑግ ፋጉሎ ልተካው ወይ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፣ ዋጋው ስለሚስብ አልፈርድባቸውም። ፋጉሎው ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ አሰሩም ለትንሽ አንጀት ይበዛል። ከዚህ የባሰው ሻጋታ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር የአፍላቶክሲን፣ ማለትም የሻጋታ መርዝ፣ ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ለጫጩት ይቅርብዎ። የሻገተ በቆሎም እንደዚያው ነው፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሽታው እንጂ መርዙ አይጠፋም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ደግሞ ጎሲፖል የተባለ መርዝ ስላለበት ጭራሽ አይታሰብ።

መኖው የፈለጉትን ያህል ጥሩ ቢሆን ምንቃሯ ካልቻለው ከንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሽሮ ዱቄት የሻከረ፣ ከቅንጬ የደቀቀ መሆን አለበት። በወንፊት ይንፉትና ላይ የቀረውን እንደገና አስፈጭተው ይመልሱት። ካልተነፋ ጠንካሮቹ የበቆሎውን ስባሪ ለቅመው ማዕድኑን ሥር ይተዋሉ፣ ደካሞቹ ደግሞ የተረፈ አቧራ ይልሳሉ። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶች መጠናቸው የሚለያየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

የተቀቀለ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለደካሞች ደህና ማበረታቻ ነው። አድቅቀው ጥቂት ብቻ ስታርተሩ ላይ ይበትኑና በሁለት ሰዓት ውስጥ የተረፈውን ያንሱ፣ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ጎመንና ሰላጣ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ደቅቆ ለቅምሻ ያህል ይበቃል፤ የእንጀራ ፍርፋሪ ግን ሆድ ሞልቶ ፕሮቲን ስለሚያሳጣ አልመክርም። የወጥ ቤት ጨው ከራስዎ አይጨምሩ። ስታርተሩ ውስጥ አለ፣ ጥቂት ቢበዛም ጫጩት ይገድላል።

ወደ እግሩ ልምጣ። ወደ ሁለት ጎን የተከፈተ እግር ብዙ ጊዜ ከወለል ነው። ጋዜጣ ወይም ፕላስቲክ ላይ ከሆኑ ዛሬውኑ የሻከረ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ጫጩቶቹ መኖውን ከጉዝጓዝ መለየት ሲችሉ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ያድርጉ። በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሆን ሁለቱን እግር በቀጭን ፕላስተር አቀራርቦ ማሰር ይረዳ ነበር፤ አሁን ግን ከእነዚህ ውስጥ የሚድኑት ጥቂት ይሆናሉ። ጣታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ካሉ የቪታሚን ቢ2 ጉድለት ያስጠረጥራል። አጥንታቸው የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ የቪታሚን ዲ ወይም የካልሲየምና የፎስፈረስ መዛባት ነው። ለሁለቱም የዶሮ መልቲቪታሚን በመጠጥ ውኃ ለአምስት ቀን ይስጡ። በየቀኑ ይቀይሩት፣ ከፀሐይም ያርቁት፤ ብርሃን ቢ2ን ያጠፋዋል።

መነካከሱ ፕሮቲኑ ሲስተካከል ይቀንሳል ብዬ እጠብቃለሁ። መጨናነቅና ኃይለኛ መብራትም ያባብሱታልና የአምፖሉን ብርሃን ያለዝቡት። የቆሰሉትን ለብቻ ያድርጓቸው፣ ደም ያዩ ጫጩቶች አይተዉም። ለመጠጫ የጠርሙስ ክዳን ይበቃል፤ ውኃው ምንቃር ብቻ እንዲያስገባ ጠጠር ይሙሉበት።

ደብረ ብርሃን መሆንዎን አልረሳሁም። የበረዳት ጫጩት ተጠጋግታ ትቆማለች እንጂ መኖ ፍለጋ አትሄድም፣ ስለዚህ የምግብ ጉድለት የሚመስለው አንዳንዴ የሙቀት ጉድለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ላይ 37 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባቸው እስኪሞላ ይቀጥሉ። ከአምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል፣ ከሸሹትና አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ወደ ዝግ ክፍል እንዳያስገቡ፤ ጭሱ እነርሱንም እርስዎንም ይገድላል። ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለው መሐላቸው ያስቀምጡ።

ወጪው ያሳሰበዎት ይመስላል። አንዲት ድርጭት እንቁላል እስክትጀምር የምትበላው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም፣ ለቀሩት 49 ከ25 እስከ 30 ኪሎ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል አንድ ጊዜ ገዝተው ወራት ከማስቀመጥ ከጎረቤት አርቢ ጋር ይካፈሉት፤ ቪታሚኑ በቆይታ ይደክማል።

መሻሻሉን በዓይን አይለኩ። በየሳምንቱ ያንኑ 10 ጫጩት በወጥ ቤት ሚዛን አንድ ላይ መዝነው ይጻፉ፤ ክብደቱ ካልጨመረ መኖውን ወይም ሙቀቱን መልሰው ይፈትሹ።

የእንቁላል ጣዩን መኖ አይጣሉት፣ ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡት። ድርጭቶቹ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ካልሲየሙ ያኔ ያስፈልጋቸዋል። ፕሮቲኑ ግን ለድርጭት እንቁላል ከሚፈለገው 20 በመቶ ስለሚያንስ ለ5 ኪሎው 1 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር ይቀላቅሉበት።