ጥያቄና መልስ፦ የካቢር ግጥም በማሲንቆ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጎንደር ፒያሳ የምንጫወት ሦስት ልጆች ነን፤ ሁለታችን ማሲንቆ፣ አንዷ ክራር። የህንዱን ባለቅኔ የካቢርን ግጥሞች ወደ አማርኛ መልሰን ለማዜም ሞከርን። ሲነበብ ያምራል፣ ሲዜም ግን ከማሲንቆው ጋር አልሄድ አለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ከቆጠራው የመጣ ይመስለናል። ካቢር በ15ኛው መቶ ዘመን ባናራስ የኖረ፣ በሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ያደገ ሰው ነው። በብዛት የሚታወቅበት ዶሃ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስንኝ 24 ምት አለው፤ 13 ላይ ትንፋሽ ይወሰድና 11 ይከተላል። አጭሩ ድምፅ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። አማርኛ በድምፅ ርዝመት ግጥም ስለማይለካ፣ 24ቱን ምት በ24 ቀለም (ቀለም ማለት አንድ የቃል ክፍለ ድምፅ ነው) የሞላ ሰው ስንኙ ይንዛዛበታል፤ ደጋኑ ደርሶ ሲመለስ ቃሉ ገና አላለቀም። ወደ ወል ቤት አምጡት፦ 6 ቀለም፣ ዕረፍት፣ 6 ቀለም፣ ሁለቱም ስንኝ በአንድ ቤት ይምታ። ስለ ወፍጮ የተናገረውን ዶሃ እኛ እንዲህ ገጥመነዋል፦

ወፍጮው ሲዞር አይቶ ካቢር አለቀሰ፤
በድንጋዮች መሃል ማን ሳይፈጭ ደረሰ?

«ሲዞር» የሚለውን አትጣሉ። የካቢር ወፍጮ በመጅ የሚገፋው የእኛ ወፍጮ አይደለም። ሁለት ክብ ድንጋይ ነው፤ የላይኛው በመሃሉ ባለው ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። ህንዶች ለዚህ ዶሃ የሚሰጡት መልስም አለ፦ ዘንጉን ተጠግታ የቀረች ፍሬ ከመፈጨት ትድናለች፤ ዘንጉም ፈጣሪ ነው። መጅ ካስገባችሁ ዘንግ የለም፣ መልሱም ቦታ ያጣል።

የጎንደር ሰው ሁለት ስንኝ ሲያይ ጉባኤ ቃና ትዝ ይለዋል፣ ወርቅ መደበቅም ያምረዋል። እባካችሁ እዚህ ላይ ታገሡ። ካቢር ፓንዲቱንም (የሂንዱውን ሊቅ) ቃዲውንም ፊት ለፊት የሚገሥጽ ሰው ነው፤ ኃይሉ ያለው በግልጽነቱ ነው። «ራም» የሚለውንም ስም እንዳለ ተዉት፤ እሱ ዘንድ መልክና ቅርፅ የሌለው አምላክ ነው እንጂ በሂንዱ ተረት የሚታወቀው ንጉሥ አይደለም።

ስሙ በስንኙ ውስጥ መግባቱ ፊርማው ነው። ስለዚህ አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ተብሎ የሚሰጣችሁን አዲስ ግጥም በካቢር ስም አትዝጉ። ህንድ ውስጥም ያልገጠመው ብዙ ነገር በስሙ ይዞራል። ለመምረጥ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች በ1604 እ.ኤ.አ. ካሰባሰቡት ቅዱስ መጽሐፍ ወይም የካቢር ተከታዮች ከሚይዙት፣ ቢጃክ ከተባለው የግጥሞቹ ስብስብ ብትነሡ ይሻላል።

ወደ ዜማው ስንመጣ፣ በመካከለኛው ህንድ፣ በማልዋ፣ የካቢር ዘማሪዎች ባለ አምስት ክር ታምቡራ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይይዝላቸዋል። ማሲንቆ አንድ ክር ስለሆነ ዜማውንም መሠረቱንም በአንዴ አይችልም። ስለዚህ አንደኛው ማሲንቆ የዘፋኙን መነሻ ድምፅ ብቻ ይያዝ፣ ሁለተኛው ዜማውን ይከተል፤ ክራሯም መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ እየደጋገመች ትምታ። ትዝታ ሜጀር ቡፓሊ የተባለው የህንድ ራጋ (ቅኝት) የሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች ስላሉት ከእሱ ጀምሩ። ዶሃውን ያለ ምት፣ በለሆሳስ አስቀድሙ፤ ምቱ የሚገባው ዋናው መዝሙር ሲጀመር ነው።

በክረምት የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሁለቱ ማሲንቆዎች እኩል ስለማይወርዱ መሠረቱና ዜማው ይጣላሉ። ቆዳውን ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ከየዘፈኑ በፊትም ሁለቱን አንድ ላይ ቃኙ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም የህንድ ዘፋኞች ለሂንዱው አምላክ ለክሪሽና ሲዘምሩ ሰማሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ የሰሟቸው ማንጋኒያሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። በምዕራብ ህንድ ራጃስታን፣ በጃይሳልመርና በባርመር የሚኖሩ የዘር ዘፋኞች ናቸው፤ እነሱ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ የሚያስተዳድሯቸው ደጋፊ ቤተሰቦች ግን በአብዛኛው ራጅፑት የሚባሉ የሂንዱ ጎሳ ሰዎች ናቸው። ዝምድናው ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ዘፋኙ የቤቱን የዘር ሐረግ እየጠራ ያወድሳል፤ የቤቱን አምላክ መዝሙርም ያውቃል። እዚያው ሌሊት የፑንጃቡን ቡሌ ሻህንና የሲንዱን ሻህ አብዱል ለጢፍን የሱፊ ግጥም ያዜማል። ካማይቻ የሚባለው መሣሪያቸው እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታና ሆዱ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ነው፤ ዋና ዋና ክሮቹ ከአንጀት የሚሠሩ ሲሆን፣ ሳይነኩ አብረው የሚያስተጋቡ የብረት ክሮችም አሉት።

ጥያቄ፦ የህንድና የፓኪስታን ሱፊዎች ዝማሬ የሆነው ቀዋሊና የእኛ መንዙማ አንድ ናቸው? (ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ አይደሉም፣ ይቀራረባሉ እንጂ። በሁለቱም አንድ ሰው ይመራል፣ ሌሎች እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። መንዙማ፣ በተለይ የወሎው፣ በድቤና በጭብጨባ ይበቃዋል፤ ቀዋሊ ሃርሞኒየም ይጨምራል። ቀዋሊ ቅደም ተከተልም አለው፦ መጀመሪያ ለአላህ የሚቀርበው ሐምድ፣ ቀጥሎ ለነቢዩ የሚቀርበው ናዕት፣ ከዚያ ለወልዮች የሚቀርበው መንቀባ። ቅጂ ሲያዳምጡ ይህን ቅደም ተከተል ይከታተሉ፤ ከመሃል የጀመረ ቅጂ ከሆነ ሐምዱን ፈልገው ያስቀድሙ።