መነጽሬን በኦንላይን ላስመጣ ወይስ ደሴ ላሠራ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 47 ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተመርምሬ የሩቅም የቅርብም መነጽር ታዘዘልኝ። ደሴ ዋጋ ብጠይቅ ከበደኝ። ዱባይ ያለችው እህቴ «ማዘዣውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በኦንላይን በግማሽ ዋጋ አሠራልሻለሁ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእርስዎስ ደሴ ይሻላል። የሁለቱ ብሌኖችዎ ርቀት መለካት አለበት፤ የአብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ነው። የሌንሱ መሃል ከብሌንዎ ፊት ካልዋለ፣ በተለይ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ይወጋል። ሩቁና ቅርቡ በአንድ ሌንስ ሲሆን ደግሞ ባለሙያው ፍሬሙን አስደርጎዎት የቅርቡ ክፍል የት እንደሚጀምር ምልክት ያደርጋል። ይህን ከማዘዣ ፎቶ ማን ይለካዋል? ምልክቱ ዝቅ ካለ ክር መርፌ ውስጥ ባስገቡ ቁጥር አገጭዎን ሽቅብ ሰቅለው ነው የሚውሉት። አንገትዎ አይችለውም።

ለሩቅ ብቻ የሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለ መነጽር ቢሆን ኖሮ ብሌንዎን አስለክተው በኦንላይን ማዘዙ አይከፋም ነበር።

ዋጋውን ለማቅለል ውድ ፍሬም ይተዉ። ወይም ለጊዜው የቅርቡን ብቻ ለስፌት ያሠሩ። ከዓይንዎ እስከ ስፌት መኪናው መርፌ ያለውን ርቀት በሜትርዎ ለክተው ለባለሙያው ይንገሩት፤ መርፌና ክርም ይዘው ሄደው እዚያው ይሞክሩት። እህትዎ መርዳት ከፈለገች ጥሩ ፍሬም ትላክልዎት፣ ሌንሱ ደሴ ይገጠማል።