የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ቀሚስ መልበስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። ደረቱ ላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለትም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል፣ በጥልፍ ተሠርቶበታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ እመቤታችንን ለብሰሽ ልትቀመጪባት ነው?» አሉኝ። እኔ በፍቅር ነው ያሰፋሁት። ኃጢአት ነው እንዴ? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ ወለተ ማርያም እኅቴ፣ በሰው ፊት መነገሩ ቅር እንዳሰኘሽ ይገባኛል። ጥያቄው ግን የእኚያ እናት ብቻ አይደለም። ከ1,600 ዓመት በፊትም ተጠይቋል።

በዚያ ዘመን በግብጽ ክርስቲያኑም ሌላውም የሚለብሰው ከተልባ እግር የተሠራ ሰፊ ቀሚስ ነበር። መደቡ ነጣ ያለ ነው። ከሁለቱ ትከሻ ወደ ታች ሁለት ባለ ቀለም መስመሮች ይወርዳሉ። ትከሻውና ጉልበቱ አካባቢ ደግሞ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጌጥ አለ። ጌጡ ባብዛኛው ጥልፍ አይደለም፤ እንደኛ ጥለት እዚያው ከጨርቁ ጋር የተሸመነ ነው። ተልባ እግር ቀለም እሺ አይልም፣ ሱፍ ግን ይጠጣዋል። ስለዚህ ሸማኔው ጌጡ ላይ ሲደርስ ማጉን ወደ ሱፍ ይቀይራል። ሰው ሲሞት በልብሱ ይቀበር ነበርና ደረቁ አሸዋ እስከ ዛሬ አቆይቶታል። የሚያሳዝነው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ መቃብር የቆፈሩ ሰዎች ጌጡን በመቀስ እየቆረጡ ወስደው ነጩን ጨርቅ ጣሉት። ሙዚየሞች ውስጥ ቁርጥራጭ የበዛው ለዚህ ነው።

ከነዚህ ቁርጥራጮች መካከል የዮሴፍ ታሪክ ያለባቸው አሉ። መሐል ላይ ፀሐይና ጨረቃ የሰገዱለት ሕልም፣ ዙሪያውን ጉድጓዱ፣ ሽያጩ፣ በደም የተነከረው ቀሚስ። የቀሚስ ታሪክ በቀሚስ ላይ! ሸማኔው ሳይስቅበት አልቀረም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አስቴርዮስ የሚባል የአማስያ ጳጳስ ነበር፤ አማስያ በዛሬዋ ቱርክ ያለች ከተማ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ400 ገደማ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ሰበከ። ባለጠጋው ቀይ ልብስና ቀጭን የተልባ እግር ይለብስ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ሉቃስ 16 ላይ ነው። ጳጳሱ ከዚያ ተነሥቶ የከተማውን ሀብታሞች ገሠጻቸው። አንበሳና ነብር፣ አዳኝና ጫካ የተሸመነበት ልብስ ለብሰው ሲወጡ የተሳለ ግድግዳ ይመስላሉ አለ። ሕፃናት እየተከተሉ በጣት ይጠቁሟቸዋል።

ቀጥሎ «መንፈሳዊ ነን» ወደሚሉት ዞረ። እነሱ የሚያሸምኑት ወንጌልን ነው። የቃና ዘገሊላ ጋኖች፣ አልጋውን ተሸክሞ የሚሄደው መፃጉዕ፣ የጌታን ልብስ ጫፍ የያዘችው ሴት። በዚህም እግዚአብሔርን ደስ ያሰኙ ይመስላቸዋል። የእሱ ምክር፦ ልብሱን ሽጡትና ሕያው የእግዚአብሔር መልክ የሆነውን ሰው አክብሩ። መፃጉዑን ልብሳችሁ ላይ ከማድረግ አልጋ ላይ የወደቀውን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። ከዘመናት በኋላ የተነሡ የሥዕል ጠላቶች ይህንኑ ስብከት መዘው ተከራክረውበታል። እኛ ቅዱሳት ሥዕላትን እናከብራለን፤ ስለዚህ ቃሉን እነሱ በወሰዱበት መንገድ አልወስደውም። ሁሉም ሰውም የጳጳሱን ምክር አልሰማም። ጣልያን ውስጥ ራቬና ከተማ፣ በ547 የተባረከው የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቢዛንታይን ንግሥት ቴዎድራ በሥዕል አለች። የተዋሕዶ አባቶችን ያስጠለለችው ራሷ ናት። የካባዋን የታችኛውን ጠርዝ ብታዪ፣ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ጠርዝ ላይ፣ እግር አጠገብ!

የኔን ሐሳብ በግልጽ ልንገርሽ። አድርገሽዋል ብዬ ኃጢአት አልቆጥርብሽም፤ በፍቅር ነውና። ግን አልመክርሽም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ሥዕል ዕጣን ይታጠንለታል፣ ፊቱ እንሰግዳለን። ቀሚስሽ ግን ያልብሽበታል፣ ታክሲ ውስጥ ይተሻሻል፣ ሳፋ ውስጥ ይታሻል፣ ወጥ ይፈናጠቅበታል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። «የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ላይስ ሥዕል አለ አይደል?» ትይኝ ይሆናል። እሱ ለቅዳሴ የተለየ ልብስ ነው፤ ገበያ አይወጣበትም። የመስቀል ጥለት ያለው ቀሚስሽን ግን ያለ ሐሳብ ልበሺ። ጥበቡም ይመርብሽ፤ ማማር አልተከለከለም። እናትየዋም ቢሆኑ ለብቻሽ ጠራ አድርገው ቢነግሩሽ ይሻል ነበር።

አሁን ቀሚሱን ምን ላድርገው ካልሽ፣ ጥልፉ ለብቻው ተሠርቶ የተሰፋ ከሆነ ጎበዝ ሰፊ በምላጭ ይፈታዋል። ግብጾችም ቀሚሱ ሲያልቅ ጌጡን ቆርጠው አዲሱ ላይ ይሰፉት ነበር። አንቺ ወደ ልብስ አትመልሺው። ለንስሐ አባትሽ አሳዪና ከፈቀዱልሽ ጸሎት በምታደርሺበት ጥግ ስቀዪው።