አንድ ጭራ፣ አራት ድንጋይ

ልጆች፣ ሰሞኑን ሱቄ በር ላይ የምትቆሙት በዝታችኋል። ሰላምታው ሲያልቅ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ጌም ቦይ ፈትተው የሙዚቃ መሣሪያ ያደርጋሉ አሉ፤ የእኔንም ይሠሩልኛል?» ጌም ቦይ ማለት በእጅ የምትያዝ የድሮ የጨዋታ ማሽን ናት። አንዳንዳችሁማ ገና ዕቃውን ከቦርሳ ሳታወጡ የሚቀጠለውን ሁሉ ከስልካችሁ ታነቡልኛላችሁ። የስክሪን መብራት፣ ተጨማሪ ጃክ፣ የሚዞር ቁልፍ፣ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ኖታ የሚላላኩበት ቋንቋ)። ለእያንዳንዳችሁ ያንኑ ስደግም ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መልሴ እሺ ነው፣ እሠራለሁ። ግን ዛሬ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ወር ሳትፈቷት አዳምጧት።

ማርቆስ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኒንቴንዶ ጌም ቦይን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በሚያዝያ 1981 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያኔ የቴፕ ራስ በአልኮል የምወለውል ጎረምሳ ነኝ፤ ወሬዋንም አልሰማሁ። ያየኋት የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። አንድ የቢቸና ልጅ አክስቱ ከውጭ ያመጣችለትን ግራጫ ሳጥን ይዞ መጣ። ድንጋዩ ውስጧ ፈስሶ መያዣውን አረንጓዴ አድርጎታል። ሎሚ በነካ ጥጥ ስጠርገው አረፋ አወጣና ለቀቀ። አራት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ አስገባን። ዲንግ አለች። ልጁ ሳቀ፤ የእኔ ግን ጆሮዬ ቆመ።

አንድ ነገር ላጥራ። እዚህ አገር «ጌም ቦይ» የምንለው አብዛኛው ጡብ መደርደር ብቻ የሚያጫውተው ርካሽ ፕላስቲክ ነው። የእሱን ጉዳይ አይደለም የማወራችሁ። ካርትሪጅ፣ ማለትም ጨዋታው ያለበት ተነቃይ ካሴት፣ ከጀርባዋ የሚሰካባትን ነው።

ይቺ ሳጥን ያሏት አራት ድምፆች ናቸው። ሁለቱ አራት ማዕዘን ሞገድ ያወጣሉ። ሦስተኛው እናንተ የሳላችሁትን ሞገድ ይጫወታል። አራተኛው ጣቢያ እንዳጣ ሬዲዮ ሽሽሽ ይላል፤ ከበሮውና ጭብጨባው የሚሠራው ከእሱ ነው። «ታዲያ በአራት ድምፅ ምን ይሠራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ማሲንቆ ስንት ጭራ አለው? አዝማሪው በዚያችው በአንዷ ጠጅ ቤቱን እስከ እኩለ ሌሊት ይዞት ያመሻል። ጎጃም ተወልዳችሁ ደግሞ ይህን እኔ ልነግራችሁ አይገባም ነበር፦ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። እሷን ቆጥሮ፣ ተነቅፎ፣ እንደገና ቆጥሮ ነው ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው። እናንተ ግን ገና ጉባኤ ቃናው ሳይሞላላችሁ ቁልፍ ጨምሩልን ትላላችሁ።

ሦስተኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን የገዛኝ እሱ ነው። ሞገዱ 32 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 15 ያለ አንድ ቁመት ይይዛል። ሌላ ምንም የለውም። አንድ እሑድ ከሰዓት ከቢቸናው ልጅ ጋር ባለ ካሬ ደብተር ዘርግተን ማሲንቆ ልንስል ተቀመጥን። ደጋን ጭራን ሲያሽ ይዞት ትንሽ ይሄዳል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ሞገዱ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። 15፣ 15፣ 14፣ 14፣ 13፣ 13 እያልን በእርሳስ ወረድን። 16 ቁመት፣ ሁለት ሁለት ነጥብ፤ 0፣ 0 ላይ ስንደርስ 32ቱ ልክ አለቀ። ደስ አለን። አስገብተን ስንሰማው ግን ንብ የገባበት ቆርቆሮ ሆነ።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ሞገዱን አልነካም። እያንዳንዱን ኖታ ከትንሽ ዝቅ ብሎ እያስነሳ ወደ ቦታው እንዲንሸራተት አደረገው፤ መጨረሻውንም በስሱ አንቀጠቀጠው። ማሲንቆ ሆነ አልላችሁም። የማሲንቆ የአክስት ልጅ ሆነ። የጎደለው የአዝማሪው ጣት ነበር ለካ።

ይህን ሁሉ ያደረግነው ኤልኤስዲጄ በሚባል የዜማ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ዩሃን ኮትሊንስኪ የሚባል ስዊድናዊ የሠራው ነው። የጀርመናዊው ኦሊቨር ቪትቾቭ ናኖሉፕም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት እሷው ላይ ባሉት ቁልፎች ነው። አንድም ነገር አልተፈታም፣ አንድም ሽቦ አልተቀጠለም።

አንድ ወር አዳምጡ የምለውም ለዚሁ ነው። ያላዳመጠ ሰው የትኛው የእሷ ጠባይ፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ አይለይም። አንዲት የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማት ከርማ መጣችና «ጋሼ፣ ዜማው ሲቆምም ከሥር ሽሽሽ የሚል ነገር አለ፤ ድምፁን ስቀንሰው አብሮ አይቀንስም» አለችኝ። ጎበዝ! አብሮ ካልቀነሰ የሚመጣው ከድምፅ መጨመሪያው በኋላ ካለችው ማጉያ ነው ማለት ነው። ከድምፅ መጨመሪያው እግሮች ሁለት ቀጭን ሽቦና አንድ ግራውንድ አውጥተን ወደ ራሱ ጃክ ወሰድነው። የውስጧ ማጉያ ተዘለለች። ሞንታርቦ ላይ ስንሰካው የታችኛው ድምፅ የሱቄን መስኮት አንቀጠቀጠው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። ጥያቄውን ይዛ ባትመጣ ግን የቱን እንደምቆርጥ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ሌላው ሰው የሚነግራችሁ አይመስለኝም።

ካርትሪጁ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ብዙዎቹ ካርትሪጆች የሠራችሁትን ዘፈን የሚያስታውሱት በእሷ ነው። እሷ ከደከመች ትዝታውም ይደክማል። የቢቸናው ልጅ አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንዳንዴ ሳበራት ዘፈኖቼ ይቃወሳሉ» አለኝ። ገና ሳይጨርስ ገባኝ። ገብቶኝም አስቸኮለኝ። እሱ ሻይ ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ ካርትሪጁን ከፈትኩ፣ መበየጃውን አሞቅኩ፣ አሮጌዋን ነቅዬ አዲሷን አሰርኩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ሻዩን ይዞ ሲገባ «በል፣ አለቀልህ!» አልኩት።

አለቀለት። ባትሪዋ በተነቀለችባት ቅጽበት ማስታወሻው ባዶ ሆኗል። የስምንት ወር ሥራ ነበር። ስክሪኑን አየው፣ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካው፣ ከዚያ «ምንም አይደል ጋሼ» አለ። ሻዩን እንኳ አልጠጣውም። ሁለት ወር ሙሉ በሱቄ በር አላለፈም። ኋላ ተመልሶ መጣ፤ አንዱን ዘፈን ከትዝታው ደግሞ ሠራው። ሁለተኛው ከፊተኛው በለጠ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልበለጠም። መሀሉ ላይ የነበረችው የእስክስታ ማዞሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ስለዚህ ካርትሪጅ ከመከፈቱ በፊት ዘፈኑ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጥ። ሁለት ቦታ ይገልበጥ። የሚሠራላችሁ ባለሙያ ፀጉሩ ሸብቷል ብላችሁ አትመኑት፤ «ጋሼ፣ ገልብጠውታል?» በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

ወደ ሚዲ እንምጣ። ሚዲ በ1975 ዓ.ም. ነው የተዋወቀው። የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያይዘው አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትርዒት ላይ ታዩ። እኔን የሚገርመኝ ቁጠባው ነው። አንድ ኖታ ማለት ሦስት ቁጥር ነው። 144፣ 60፣ 100፦ «በመጀመሪያው መስመር ጀምር፣ ይቺን ኖታ፣ በዚህን ያህል ኃይል።» ገመዱ በሰከንድ 31,250 ቢት ያሳልፋል፤ ሦስቱም ቁጥሮች ለመድረስ አንድ ሚሊ ሰከንድ አይሞላቸውም።

ጌም ቦይን ከሚዲ የሚያገናኘውን ሳጥን ራሳችሁ ሥሩት። ቲሞቲ ላም የሚባል ሰው አርዱዊኖቦይ ብሎ ያወጣው በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ) የሚሠራ ንድፍ በነፃ ይገኛል። የሚዲ ሶኬቱን አትግዙ። የድሮ የጀርመን ቴፕ ጀርባ ያለችው፣ አምስት እግሮቿ በግማሽ ክብ የተደረደሩት ሶኬት ራሷ ናት። እኔ ጋ አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ አለ። የጌም ቦይን ማገናኛ ገመድ ስትቆርጡ በሽቦ ቀለም አትመሩ፤ አንዱ ፋብሪካ ቀይ ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። ቴስተር ያዙና ከእግሩ እስከ ጫፉ ለኩ።

አንድ አካል ግን እንዳትዘሉ፦ 6ኤን138 የምትባለውን ኦፕቶካፕለር። ውስጧ ትንሽ መብራትና መብራቱን የሚያይ ዓይን አለ። መልእክቱ በብርሃን ይሻገራል፤ ሁለቱ ዕቃዎች በሽቦ አይነካኩም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሁለት ዕቃ ግራውንድ በሁለት መንገድ ሲጋሩ የሚመጣውን እምምም አውቀዋለሁ። አንዱ ልጅ «ያለ እሷም ይሠራል እኮ» ብሎ ተከራከረኝ። ይሠራል። እምምም እያለ።

ባለፈው ጥር የቢቸናው ልጅ ይህን ሁሉ አሰናድቶ አንድ ሸምገል ያሉ አዝማሪ ሱቄ ድረስ አመጣ፤ አብረው ሊሞክሩ። ስልኩ ላይ መቃኛ ከፈተና «አባባ፣ ማሲንቆውን 440 ላይ ያድርጉልኝ» አላቸው፤ በሰከንድ 440 ንዝረት ማለቱ ነው። አዝማሪው ጭራውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ከሳጥኗና ከእኔ ማን ነው እንግዳ?» አሉት። እኔ በሳቅ ወደቅኩ። እሱ ግን ገባው። ሳጥኗን ወደ እሳቸው አመጣት።

አምባሰል ጀመሩ። የቅኝቱ ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ተጋጩ። ሚዲ አንዱን ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት) ለ12 እኩል ከፍሎ ያውቀዋል፤ የእሳቸው ጣት ግን ያንን ክፍፍል አታውቀውም። ሚዲ ላይ ድምፅን የምታጥፍ ትእዛዝ አለች፤ 16,384 ደረጃ አላት። ልጁ በእሷ ትንሽ ትንሽ ገፋት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጆሮው። ታች ሲጫወቱ ተገናኙ። አዝማሪው ቅንድባቸውን አነሱ። ወደ ላይ ሲወጡ ግን እንደገና ተለያዩ።

ይቺን ለማግኘት ወረቀት ላይ ማስላት ነበረብኝ። የጌም ቦይ አራት ማዕዘን ድምፅ ቅጥነትና ውፍረቱን የሚያገኘው 131,072ን ለአንድ ሙሉ ቁጥር በማካፈል ነው። ለ298 ሲካፈል 439.8 ኸርዝ (ንዝረት በሰከንድ)፣ ለ297 ሲካፈል 441.3 ይሆናል። ልዩነቱ ኸርዝ ተኩል ነው፤ ጆሮ ይቅር ይላል። ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ውጡ፦ ለ75 ሲካፈል 1,747.6፣ ለ74 ሲካፈል 1,771.2። በአንድ እርምጃ ወደ 24 ኸርዝ ትዘላለች፤ መሀል ላይ የምትቆምበት ቦታ የላትም። ሚዲው ረቂቅ ነው፣ ሳጥኗ ግን ከላይ ደረጃዋ የተራራቀ መሰላል ናት። ልጁ ይህን ሲያይ ዕቃ ግዛልኝ አላለም። ዜማውን ወደ ታች አወረደላትና ላይኛውን ለማሲንቆው ተወለት። አዝማሪው እስኪመሽ አልተነሱም፤ ባለቤቴ ጠላ ጨመረችላቸው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ብሎኖቿ ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው፤ በጠፍጣፋ መፍቻ እየታገላችሁ ራሳቸውን እንዳትበሉት። መፍቻው ከሌለ የእስክሪፕቶ ቀፎ ጫፍ በክብሪት አለስልሳችሁ ብሎኑ ላይ ተጭናችሁ አቀዝቅዙት፤ ብሎኑ ያልጠበቀ ከሆነ ያዞርላችኋል። የፈታችሁትን ብሎን ሲኒ ውስጥ አኑሩ። ከዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል ብላችሁ የስልክ ጥገናውን እንዳትተዉ፤ እኔም ቀን ቀን የምበላው ከተሰበረ ስክሪን ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሱቅ አለሁ። መብራት ቢጠፋም ኑ፤ መበየጃው ባይሠራ ማዳመጡን አይከለክለንም። ድንጋዩን ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።