ላፕቶፑን ከማስከፈትህ በፊት የማን እንደሆነ ንገረኝ

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ሲም የሚቀበል ላፕቶፕ ከአንድ ወዳጅህ በ250 ዶላር ገዛህ። ላፕቶፑ ግን የአንድ አሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሲም ካልሆነ አይቀበልም። አንሎክ አስደርገህ (የሌላ ኩባንያ ሲምም እንዲቀበል አስከፍተህ) አዲስ አበባ ላለችው እህትህ ልትልክላት አስበሃል፤ እሷ በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በሳፋሪኮም ሲም ትጠቀምበታለች። «ወንጀል ይሆንብኛል ወይ?» ብለህ ጠየቅከኝ።

አንሎክ ማድረጉ በራሱ ወንጀል አይደለም። የአሜሪካ የኮፒራይት ሕግ ዲጂታል ቁልፍ መስበርን ይከለክላል፤ ነገር ግን በየሦስት ዓመቱ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑ ነገሮች ይወሰናሉ። ድሮ ለስልክ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲም የሚቀበሉ ላፕቶፖችም ገቡበት፣ በ2024 ታደሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አንሎክ የወጣው ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ወይም እሱ ያዘዘው ሰው እንዲከፍተው ይፈቅዳል፤ የቤተሰብ አባል እንዲጠቀምበት ማስከፈትንም ይጨምራል። ስለዚህ የእህትህ ነገር አያስጨንቅህ።

«ባለቤቱ» የምትለዋን ቃል ግን ያዝልኝ። አንተ ዘለሃታል። ወዳጅህ ላፕቶፑን እንዴት እንዳገኘው አልነገርከኝም። ደረሰኝ አለህ? ዕዳው ተከፍሎ አልቋል? ዋጋው ሲረክስብህ ለምን ብለህ አልጠየቅህም? አትቀየመኝ፣ ይሄንን ሳልጠይቅህ ባልፍ እበድልሃለሁ።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አንዱ በራሱ ስም ከስልክ ኩባንያ በወር ክፍያ ዕቃ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ወር ይከፍልና ለሌላ ሰው በካሽ ይሸጠዋል፤ ሻጩና ገዢው የአገር ልጆች ስለሆኑ ወረቀት የሚባል ነገር አይነሳም። ከዚያ ክፍያውን ያቆማል። ኩባንያው አይኤምኢአይ የሚባለውን የዕቃውን መለያ ቁጥር ሊያግደው ይችላል፤ ዕቃው የተሰረቀ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ሊደርስ ይችላል። አንሎክ ማድረግ ደግሞ እገዳ አያነሳም፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ያኔ አንዱ ሱቅ «አይኤምኢአዩን እንቀይርልህ» ይልሃል። በፍጹም እሺ እንዳትል፤ የነገርኩህ ፈቃድ ኔትወርክ ለመቀየር ብቻ ነው፣ መለያ ቁጥር መቀየርን አይሸፍንም፣ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሲም ያላቸው ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ለሠራተኛ የሚሰጡ የመሥሪያ ቤት ንብረቶች መሆናቸውንም አትርሳ። ስታበራው የድርጅት ስም ከመጣ ቁም፣ ሻጩ የራሱ ያልሆነውን ሸጦልህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ለሱቅ ሰው ገንዘብ አትክፈል። ወዳጅህን ይዘኸው ወደ ኩባንያው ደውሉ፤ አካውንቱ በስሙ ከሆነ ከእሱ ጋር እንጂ ካንተ ጋር አያወሩም። ዕዳው ማለቁን በጽሑፍ ይላኩለት፣ አንሎኩንም እዚያው ይጠይቅ። ሽያጩን ቀንና አይኤምኢአይ ቁጥር ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ገንዘብ የላክበትንም ማስረጃ አስቀምጥ። ዕዳ ካለበት ከወዳጅህ ጋር የወር ክፍያ ውሉን አንብቡት፤ ባለቤትነቱ መቼ እንደሚተላለፍ የሚለው እንደ ውሉ ነው፣ እኔም ውሉን ሳላይ «ያንተ ነው» ልልህ አልችልም። ወረቀቶቹን ይዘህ ሜሪላንድ ላይ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አማክር።

ወዳጅህ ለመደወል እምቢ ካለ ገንዘብህን መልስልኝ በለው። ላፕቶፑንም አትላከው፤ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ማስመለሻው ሌላ ወጪ ያስወጣሃል።