የዶላሩ ግራፍ ለምን ሁለት መልክ አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ባንክ ላይ የዶላር ዋጋ በብር ስንት እንደነበር የሚያሳይ የ40 ዓመት ግራፍ በሁለት ዓይነት ላከልኝ። አንዱ ዘመኑን ሁሉ መሬት ላይ ተኝቶ መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሌላው «ሎግ» የሚል አለበት፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ቁጥሩ አንድ ነው ይለኛል። የቱን ልመን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። የተለየው በጎን ያለው መለኪያ ብቻ ነው። በተራው ግራፍ ከ10 ወደ 20 ብር ያለው ርቀት ከ90 ወደ 100 ካለው ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 10 ብር ናቸዋ። ሎግ ግን የሚያየው እጥፉን ነው። ከ2 ወደ 4፣ ከ50 ወደ 100፣ ሁለቱም እኩል ከፍታ ይወጣሉ።

እስቲ በሁለቱም ላይ 1985 ዓ.ም.ን ፈልጊ። ዶላር ለ20 ዓመት ገደማ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ተቸክሎ ከቆየ በኋላ በዚያ ዓመት መጀመሪያ በአንድ ውሳኔ 5 ብር ገባ። በተራው ግራፍ ላይ ይሄ ምንም አይመስልም፣ ጭማሪው 3 ብር እንኳ አይሞላማ። ግን 1,000 ዶላር ከባንክ የሚገዛ አስመጪ 2,070 ብር ይከፍል የነበረው 5,000 ሆነበት፣ 2.4 እጥፍ መሆኑ ነው (ጥቁር ገበያው ያኔም ከባንኩ በላይ ነበር፣ እሱን ግራፉ አያሳይሽም)። አሁን ወደ 2016 ነይ። ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከ40 ብር በላይ! በእጥፍ ሲታይ ግን 100 ላይ ሲደርስ ገና 1.75 ነው፤ የ1985ቱን ለማከል 138 ብር ገደማ መግባት ነበረበት። ይሄን ቁጭ አድርጎ የሚያሳይሽ ሎጉ ነው።

ስለዚህ ዘመኑ ረጅም ከሆነና ዋጋው ብዙ እጥፍ ካደገ እኔ ያለ ሎግ አላይም። የስድስት ወር ግራፍ ላይ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ግን ሁለቱም ያው ስለሆኑ አትድከሚ። «ለዚህ ዕቃ ስንት ብር ልጨምር ነው?» ለሚል ጥያቄም ተራው ይበቃል።

ሎግም ግን የራሱ ጣጣ አለው፣ በተለይ የሚሸጥልሽ ሰው ሲያሳይሽ። ቢትኮይን (በኢንተርኔት ብቻ ያለው ገንዘብ) እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወደ 20,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፣ ከዓመት በኋላ 3,000 ዎቹ ውስጥ ገባ። ጫፉ ላይ የገዛ ሰው ከገንዘቡ ከ80 በመቶ በላይ አጣ። ዋጋው ገና ሳንቲሞች ከነበረበት ዘመን በሚጀምር የሎግ ግራፍ ላይ ግን ያ ሁሉ ኪሳራ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ናት፣ ሻጩም «አየሽ፣ ሁሌም ይመለሳል» ይልሻል። እንዲህ ሲልሽ ተራውንም አምጣ በይው፣ ደግሞ አንቺ ከምትገዢበት ጊዜ የሚጀምረውን።

ሎግ ላይ ዜሮ የሚባል ነገርም የለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ነዳጅ የወደፊት ውል (ዛሬ በተስማሙበት ዋጋ በኋላ ለመረከብ የሚገባ ውል) ከዜሮ በታች 37 ዶላር ሲገባ፣ ያን ቀን በሎግ መሳል የሚባል ነገር አልነበረም።

የትኛውን እያየሽ እንደሆነ ካልተጻፈ የጎኑን ቁጥር ተመልከቺ፦ 20፣ 40፣ 60 እያለ ከሄደ ተራው ነው፣ 1፣ 10፣ 100 ካለ ሎግ ነው።