አይስክሬም ፍሪዘር ውስጥ ለምን አመዳይ ያወጣል?

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለልጆች ከገዛነው ባለ ሁለት ሊትር አይስክሬም የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠን ነበር። ለፋሲካ ስንከፍተው ላዩ ነጭ አመዳይ ለብሶ፣ ከሥሩም ደርቆ አገኘነው። ክዳኑ በደንብ ተገጥሞ ነበር። ፍሪዘሩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥፋቱ የቅዝቃዜው አይደለም፤ እንዲያውም አይስክሬም የሚበረክተው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሲቀዘቅዝ ነው። ያበላሸብዎት ከክዳኑ ሥር የቀረው አየር ነው። በረዶ ሳይቀልጥም ይተናል፤ በአይስክሬሙ ገጽ ላይ ያለው በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ወደዚያ አየር ይገባል፣ ቅዝቃዜው ሲመለስ ደግሞ እንፋሎቱ በክዳኑና በአይስክሬሙ ላይ አመዳይ ሆኖ ይቀራል። የፍሪዘሩ በር በተከፈተ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይኸው ይደጋገማል። አመዳይ እንዳይዙ ሆነው የተሠሩት ፍሪዘሮችም አመዳዩን የሚያራግፉት በየጊዜው በማሞቅ ስለሆነ ከዚህ አያድኑም። በጾሙ 55 ቀናት ውስጥ ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገም መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ መፍትሔው ያለው በጂኦሜትሪ ነው፤ አየር የሚያገኘው ገጽ በጠበበ መጠን ጉዳቱም ይቀንሳል። ዕቃው ክብ፣ ሬዲየሱም 8 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ላዩ ለጥ ብሎ ከተስተካከለ ለአየር የተጋለጠው 201 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ግን ማንኪያውን መሃል ላይ ሰክተን እንቆፍራለን። የኳስ ግማሽ የመሰለ ጉድጓድ ውስጡ ሁልጊዜ የአፉን ስፋት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሬዲየሱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ብቻውን የተጋለጠውን ገጽ ወደ 280 ካሬ ሴንቲሜትር ያደርሰዋል። ያንኑ መጠን ከላይ እኩል እየጠረጉ ቢወስዱት ኖሮ አይስክሬሙ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ከማለቱ በስተቀር ስፋቱ ባልተለወጠ ነበር። በዚህ ምክንያት ጠርጎ ማውጣትን ከሁሉም አስቀድሜ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃው ቅርጽ ነው። ግማሽ ሊትር ያህል ሲቀር በዚያው ሰፊ ዕቃ ውስጥ ከተተወ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ንጣፍ ሆኖ፣ በላዩ ብዙ አየር ተሸክሞ ይቀመጣል። ሬዲየሱ 4 ሴንቲሜትር ወደሆነ ጠባብና ረዘም ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ቢያዛውሩት ግን ቁመቱ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ የተጋለጠውም ገጽ ወደ 50 ካሬ ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ ሬዲየስ በግማሽ ሲቀንስ ስፋት ሩብ ይሆናልና። በሚያዛውሩበት ጊዜ እንዳይቀልጥ ባዶውን ዕቃ አስቀድመው ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ አይስክሬም የበረዶ ቅንጣቶቹ ስለሚተልቁ አፍ ውስጥ ይሻክራል።

ከዚያም ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ስስ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ በአይስክሬሙ ላይ በቀጥታ አልብሰው፣ አየር እስኪወጣ ድረስ በመዳፍዎ ይጫኑት። ላዩ የተቆፈረ ከሆነ ላስቲኩ ጉድጓዱን እንደ ድልድይ ስለሚሻገረው አየሩ ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ዕቃውን ከበሩ አርቀው፣ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ያስቀምጡ።

አመዳይ የያዘውን አይስክሬም ላዩን ጠርገው ቢመገቡት ጣዕሙ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ጤናን አይጎዳም። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ የቀለጠውን ግን መልሰው አያቀዝቅዙ፤ ይድፉት።